ካርተርን ማን ሠራው፣ ባሕሩ ወይስ ቤተ ክርስቲያኑ? (31 መልስ)

ክሩን፣ ማለትም ይህን የኢንተርኔት መድረክ ውይይት፣ የከፈትኩት የገና ዕለት ነው፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2017። ጾም ተፈቷል፣ ዶሮው ተበልቷል፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ዋሺንግተንና አካባቢው በበረዶ ነጭ ሆኗል። ቴሌቪዥኑ የጂሚ ካርተርን አስከሬን ያሳያል። ከጆርጂያ በአውሮፕላን ገብቶ ወደ ምክር ቤቱ ሕንፃ እየሄደ ነው። መኪናው ግን መሃል ከተማ፣ የባሕር ኃይል መታሰቢያው ጋ ሲደርስ ቆመ። ሳጥኑ ወርዶ ፈረሶች በሚጎትቱት ሠረገላ ላይ ተጫነ። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ሰውዬው ፕሬዚዳንት አልነበረም እንዴ፣ ባሕር ኃይል ምን አገባው አለኝ። በአንድ ዓረፍተ ነገር የማስረዳው መስሎኝ ጀመርኩ። አላልቅ ሲለኝ ስልኬን አንስቼ እዚህ መድረክ ላይ ጻፍኩት።

የጻፍኩት ባጭሩ ይህ ነው። ካርተር ታኅሣሥ 20 በ100 ዓመታቸው አረፉ። በፈረንጆቹ 1946 ከአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ ተመርቀው እስከ 1953 በመኮንንነት አገለገሉ። ሰባት ዓመት መሆኑ ነው። ከዚያ የኦቾሎኒ ገበሬ፣ አገረ ገዥ፣ የአንድ ዘመን ፕሬዚዳንት። በ1980 በምርጫ ሲሸነፉ 56 ዓመታቸው ነበር። ወደ ትውልድ መንደራቸው ወደ ፕሌንስ ተመለሱ። በማራናታ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱስ ማስተማር ያዙ። ከ1984 ጀምሮ ደግሞ ከባለቤታቸው ከሮዛሊን ጋር መዶሻ አነሱ። ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ከሚባለው ድርጅት ጋር በዓመት አንድ ሳምንት ቤት ለሌለው ቤት ይሠራሉ። ይህ ከ35 ዓመት በላይ ቀጠለ።

ጥያቄዬ፣ ይህን ሰው ማን ሠራው የሚል ነበር። እኔ ባሕሩ ነው አልኩ። በሰዓቱ መነሳት፣ የጀመሩትን መጨረስ፣ ትንሿን ሥራ አለመናቅ የወታደር ቤት ትምህርት ነው ብዬ ደመደምኩ። እግረ መንገዴን የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ እንደነበሩም ጨመርኩ። ያስበላችኝ ይህቺ የመጨረሻዋ ናት።

የመጀመሪያው መልስ ከአትላንታ መጣ። ጨዋ ሴት ናት። መልካም ገና ብላ፣ ነፍስ ይማር ብላ፣ ከዚያ ጥያቄዬን ቀስ አድርጋ አፈረሰችው። ካርተር ገና አናፖሊስ ተማሪ ሳሉ፣ እዚያው ለሚያገለግሉ መኮንኖችና ባሕረኞች ልጆች የሰንበት ትምህርት ያስተምሩ እንደነበር ጻፈች። ሁለቱም አንድ ግቢ ውስጥ ከነበሩ ምኑን ከምኑ ትለየዋለህ ነው ነገሩ። ላይክ አደረግኩላት። ክር ከፍቶ በመጀመሪያው መልስ መረታት ግን ደስ አይልም፣ ስለዚህ ዝም አልኩ።

2ኛው እርማት ነው። ሰላምታ እንኳ የለውም። ካርተር የኑክሌር ሰርጓጅ አዘው አያውቁም። ያገለገሉት ፖምፍሬትና ኬ-1 በሚባሉ፣ በናፍጣና በባትሪ በሚሄዱ ሰርጓጆች ላይ ነው። የኑክሌሩን ፕሮግራም ይመሩ የነበሩት ሃይማን ሪኮቨር መርጠዋቸው፣ ገና በመሠራት ላይ ለነበረችው ለሲዎልፍ እየተዘጋጁ ሳለ አባታቸው በቆሽት ካንሰር ሞቱ። መርከቧ ባሕር ሳትነካ እሳቸው ዩኒፎርሙን አውልቀው እርሻውን ሊይዙ አገራቸው ገቡ። ሮዛሊን በውሳኔው ተቆጥተው ነበር። በ2005 ሥራ የጀመረች አንዲት የኑክሌር ሰርጓጅ በስማቸው ተሰይማለች፣ ምናልባት እሷን ሰምተህ ይሆናል ብሎ አበቃ። ልክ ነው፣ የሰማሁት እሷን ነው። አስተካክያለሁ ብዬ ጻፍኩ።

3ኛው የሻማ ሥዕል ነው።

4ኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። የጻፈው ካናዳ የሚኖር መሐንዲስ ነው። በ1952 መጨረሻ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ቾክ ሪቨር በሚባል ቦታ አንድ የኑክሌር ማብላያ ተበላሽቶ ውስጡ በከፊል ቀለጠ። የተበከለ ውሃ ምድር ቤቱን ሞላው። ከአሜሪካ ለእርዳታ ከሄዱት መካከል ካርተር የሚመሩት ቡድን ነበረበት። ሃያ ሦስት ሰው ናቸው፣ አለቃው 28 ዓመቱ ነው። ጨረሩ ከባድ ስለሆነ አንድ ሰው ማብላያው ጋ መቆየት የሚችለው ለ90 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አቅራቢያው ባለ የቴኒስ ሜዳ ላይ የማብላያው አምሳያ ተሠራ። ሦስት ሦስት እየሆኑ እዚያ ተለማመዱ። የትኛው ብሎን፣ በየትኛው መፍቻ፣ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ። ከዚያ መከላከያ ልብሱን ለብሰው ይገባሉ፣ የቻሉትን ያህል ብሎን ይፈታሉ፣ ሮጠው ይወጣሉ። ውስጥ አንድ ብሎን በተፈታ ቁጥር ሜዳው ላይ ካለው አምሳያም ያው ብሎን ይነሳል፣ ቀጣዮቹ ከየት እንደሚጀምሩ እንዲያውቁ። ከዚያ በኋላ ለወራት ሽንታቸው እየተመረመረ ጨረር ይገኝበት ነበር።

የመሐንዲሱ ነጥብ ታሪኩ ራሱ አይደለም። ካርተር በጎ ፈቃደኛነትን የተማሩት እዚያ ነው ባይ ነው። አንተ ብሎንህን ፈትተህ ትወጣለህ። የቀረውን ሌላ ሰው ይፈታዋል። ሥራው ሲያልቅ ላታይ ትችላለህ። ይህን ለልጄ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የስልኩን ሰዓት 90 ሰከንድ ላይ ሞልቶ የምግብ ቤታችንን ወንበር እግር ሊፈታ ሞከረ። አንድ ብሎን ከግማሽ ፈታ። ወንበሩ እስካሁን ይወዛወዛል።

5ኛው ሰባኪ ቢጤ ነው። ባሕር ኃይል ብዙ ሰው አስልጥኗል፣ ሁሉም ካርተር አልሆነም አለ። እውነት አለው። እሱ እንደሚለው ዞሮ ዞሮ ነገሩ 1966 ላይ ነው። ካርተር ለጆርጂያ አገረ ገዥነት ተወዳድረው ተሸነፉ፣ ልባቸው ተሰበረ፣ እምነታቸው ተናጋ። ያጽናናቻቸው እህታቸው ሩት ናት። ከዚያ በኋላ ነው ፔንሲልቬኒያና ማሳቹሴትስ ድረስ ሄደው ከማያውቁት ሰው በር ቆመው ወንጌል የነገሩት። ይህን ብሎ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ሦስት ጥቅስና የአንድ ስብከት ሊንክ ጨመረበት።

6ኛው ወዲያው ተነሳ። በገና ቀን ደግሞ ሊያጠምቁን መጡ የሚል ነገር ጻፈ። 7ኛው ራሱ 5ኛው ነው፣ ተቀይሞ። 8ኛዋ ሴት ሁለቱንም ረግጣ አለፈች። ሃይማኖት የምታወሩ ከሆነ ዋናውን ረሳችሁ፣ ካርተር እኮ በ2000 ዕድሜ ልካቸውን ከኖሩበት ከደቡብ ባፕቲስቶች ኅብረት ጋር ተለያይተዋል አለች። ምክንያታቸው ኅብረቱ ስለ ሴቶች የያዘው አቋም ነው፣ ሚስት ለባሏ ትገዛ፣ ሴት መጋቢ አትሁን የሚለው። 76 ዓመት ሞልቶ ከቤተ ክርስቲያን ጋር መጣላት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት ካለች በኋላ፣ በየቤተ ክርስቲያናችሁ ማይክ የያዘች ሴት መቼ አይታችሁ ታውቃላችሁ ብላ ጠየቀች። 9ኛውና 10ኛው የሉም። አድሚኑ አጥፍቷቸዋል። አንብቤያቸው ነበር፣ መጥፋታቸው ደግ ነው።

11ኛው ሲመጣ ነገሩ ከረረ። ቤት ሠራ ቤት ሠራ ትላላችሁ፣ የእኛን ቤት ማን አፈረሰው ብሎ ጀመረ። ነገሩ በኛ አቆጣጠር የ1969 ነው። ገንዘቡ የተከፈለበት መሣሪያ ተከለከለ፣ ሶማሊያ ደግሞ ልቧ እንዲያብጥ ተደረገ፣ ከዚያ ወረረችን ይላል። ሁለት አጎቶቹ ምሥራቅ ግንባር ቀርተዋል። ካርተርን ሲጠራ ከዳር እስከ ዳር አንተ እያለ ነው። 12ኛው የታሪኩን ትቶ አንተታውን ያዘ። በመቶ ዓመቱ የሞተ ሽማግሌ፣ ያውም ገና ያልተቀበረ፣ አንተ አይባልም ብሎ ተቆጣ። የሐበሻ መድረክ ነው፣ ሰውን መክሰስ ይቻላል፣ አንተ ማለት ግን ያስወቅሳል።

13ኛው ቀን የሚያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው በየክሩ አይጠፋም፣ እግዜር ይስጠው። እርዳታው የተቀነሰው በየካቲት 1969 መሆኑን ጻፈ። ደርግ ሊቀመንበሩን ጄኔራል ተፈሪ በንቲን ከገደለ ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው። በሚያዝያ ደርግ በፈንታው አምስት የአሜሪካ ተቋማትን ዘጋ። የአስመራው ቃኘው ጣቢያ ቀድሞውንም ሊዘጋ ቀን ተቆርጦለት ነበር። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ አዲስ አበባ የነበረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል ነው። የካርተር የቀድሞ መሥሪያ ቤት በካርተር ዘመን ከአገራችን ተባረረ ማለት ነው። ስለ መሣሪያው ግን 11ኛው እውነቱን ነው ብሎ ጨረሰ።

14ኛው 11ኛው ራሱ ነው፣ ትንሽ ረገብ ብሎ። አሁን እሱ እያለ ነው። 1969ን ተዉት፣ የ1997 ምርጫስ አለ። ካርተር ታዛቢ ይዞ መጣ፣ ድምፅ በተሰጠ ማግሥት ሂደቱን አሞገሰ፣ ሄደ። እዚህ ላይ እኔው ገባሁ። ካርተር የመሠረቱት የካርተር ማእከል ኋላ ባወጣው መግለጫ የአቤቱታ ማጣራቱንና የድጋሚ ምርጫውን አካሄድ መንቀፉን ጻፍኩ። ለካ ነገር አባባስኩ። 15ኛዋ መለሰችልኝ። ሰኔ 1 መርካቶ ነበረች። የጎረቤታቸው ልጅ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ አልተመለሰም። መግለጫው ሲወጣ አርባው ወጥቶለት ነበር። ሌላ ምንም አልጨመረችም። እኔም አልመለስኩላትም። እስከ ማታ ማንም አልጻፈም።

ማታ ላይ 16ኛው መጣ። ምሥራቅ ጎጃም ያደገ ልጅ ነው፣ አሁን ዳላስ ይኖራል። ፖለቲካውን ለእናንተ ትቻለሁ፣ ስለ እናቴ ልንገራችሁ አለ። እናቱ ትራኮማ ነበረባት። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየታጠፈ፣ ዓይኗን ባርገበገበች ቁጥር ብሌኗን ይቧጥጣታል። ወረንጦ ከማተቧ ጋር አስራ ትዞር ነበር። ምሽት ሲሆን በኩራዝ ጥግ ትቀመጥና እሱ ሽፋሽፍቷን አንድ በአንድ ይነቅልላታል። በሁለት ሳምንቱ መልሶ ይበቅላል፣ ሲበቅል ደግሞ ይብስ ይሻክራል። የካርተር ማእከል ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር በሚሠራው ሥራ፣ አንድ የሠለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ውስጥ የዓይን ቆቧን ቀዶ አቀናላት። በነፃ። ወረንጦውን አሁን እሱ ይዞታል፣ መኪናው መስታወት ላይ ተንጠልጥሏል።

ልጁ ኋላ ተማሪ እያለ በማልትራ ሳምንት መድኃኒት ሲታደል አግዟል። ማልትራ የወባና የትራኮማ ዘመቻ ነበር። ሰው በሚዛን አይመዘንም። ምልክት ያለበት ዘንግ አጠገብ ይቆማል፣ ስንት ኪኒን እንደሚወስድ ቁመቱ ይናገራል። አሮጊቶች ከዘንጉ ጎን ሲቆሙ ቀና ለማለት ይሞክሩ ነበር፣ ትንሽ መስለው እንዳይታዩ። ከኪኒኑ ጋር የሽንት ቤት ቁፋሮም ነበረ። በሽታውን ከዓይን ዓይን የምታዞረው ዝንብ ሜዳ ላይ የተጣለ ዓይነ ምድር ላይ ነው የምትራባው። ካርተር ራሳቸው በዚህ የሽንት ቤት ዝናቸው ይቀልዱ እንደነበር ጻፈ። ይህን መልስ ላይክ ካደረጉት መካከል 11ኛው አለበት። ምንም አልጻፈም፣ ላይክ ብቻ።

17ኛው ጋምቤላ ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው ነው፣ ስለ ጊኒ ዎርም። ሰው ኩሬ ውሃ ሲጠጣ ትሉን የተሸከሙ ደቃቅ የውሃ ነፍሳት አብሮ ይውጣል። ከዓመት በኋላ እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም ትል እግሩን በስቶ ይወጣል። መድኃኒትም ክትባትም የለውም። ትሉን በእንጨት ላይ እየጠቀለሉ በቀን ትንሽ ትንሽ ማውጣት ነው፣ ቢበጠስ መዘዙ ብዙ ነው። መከላከያው ጥቅጥቅ ያለ ማጥለያ ጨርቅ፣ ኩሬ ውስጥ የሚጨመር ኬሚካልና ቤት ለቤት መዞር ብቻ ነው። የካርተር ማእከል በፈረንጆቹ 1986 ሥራውን ሲጀምር በዓለም በየዓመቱ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይያዝ ነበር። በ2024 ወደ 15 ወረደ። ሚሊዮን አይደለም፣ 15 ሰው። አሁን ያስቸገሩት ውሾችና ዝንጀሮዎች ናቸው። ውሻው ይታሰራል፣ ዝንጀሮውን ግን ማን ያስረዋል ብሎ ጠየቀ። 18ኛው ቀልደኛ ነው። ካርተር የመጨረሻው ትል ከኔ ቀድሞ ይሙት ይሉ ነበር፣ በጥቂት ትል ተበለጡ አለ። መሐንዲሱ ከካናዳ ገብቶ ብሎኑን የሚፈታ ሌላ ሰው አለ ብሎ አስታወሰው። ይህ 19ኛው ነው።

20ኛው ፎቶ ብቻ ነው፣ ብዙዎቻችን አይተነዋል። 2019፣ ናሽቪል። ካርተር በ95 ዓመታቸው ቤታቸው ወድቀው ቅንድባቸው ላይ 14 ስፌት ተሰፍተዋል። ዓይናቸው ዙሪያው ጠቁሯል። በማግሥቱ መሰርሰሪያ ይዘው የቤት በረንዳ እየሠሩ ነው። ከ4,000 በላይ ቤት፣ በ14 አገር፣ እንዲህ ተሠራ።

21ኛዋ የመጀመሪያዋ፣ የአትላንታዋ ሴት ናት። በ2018 ከባሏ ጋር ፕሌንስ ሄዳለች። ከአትላንታ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ያስነዳል። ወረፋ እንዳያመልጣቸው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መኪና ውስጥ አደሩ። ሊነጋጋ ሲል ቁጥር ተሰጣቸው፣ ውሻ አሸተታቸው። አንዲት ቆፍጣና ሴት ወጥታ ሥርዓቱን ነገረቻቸው። እጅ መጨበጥ የለም፣ ማጨብጨብ የለም፣ ፎቶ ሲነሱ ወሬ የለም። ካርተር ገብተው እንግዶቹን በየወንበሩ ከየት እንደመጡ ይጠይቃሉ። እሷ መንገዱን ሙሉ ኢትዮጵያ ለማለት ስትዘጋጅ ነው የመጣችው። ተራዋ ሲደርስ አፏ አትላንታ አለ። ባሏ እስከ ዛሬ ይስቅባታል። አንድ ነገር ግን አይታለች። የመባው ሳህን እጇ ሲደርስ ከፍ አድርጋ ታቹን አየችው። ከእንጨት የተሠራ ነው፣ ካርተር ራሳቸው በቶርኖ የቀረጹት። የስማቸው ሁለት መነሻ ፊደላት ከታች አሉ፣ ካላነሳኸው አይታይም። ግቢው ሲያድግ ሣሩን ይቆርጡ የነበሩትም እሳቸው መሆናቸውን ሰምታለች።

22ኛውና 23ኛው ስለ ኦቾሎኒ ናቸው። ፕሌንስ መንገድ ዳር ጥርሱን ያገጠጠ የኦቾሎኒ ሐውልት አለ፣ ከሰው ሁለት እጥፍ ይረዝማል። ከዚያ የባቢሌ ኦቾሎኒ ይሻላል ወደሚለው ሄዱ። ይሻላል። እንለፈው።

24ኛው ላይ ክሩ ተገለበጠ። ስም የለውም፣ የመርከብ ሥዕል ብቻ። ዓረፍተ ነገሩ ያለ አራት ነጥብ ይወርዳል። የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ባልደረባ ነኝ አሉ። ምጽዋ የገቡት በንጉሡ መጨረሻ ዘመን፣ በልጅነታቸው ነው። «ኢትዮጵያ» በተባለችው ትልቋ መርከብ ላይ ሠርተዋል። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጠቅመውባት በኛ አቆጣጠር በ1954 ለኛ ያስተላለፏት ናት። በ1982 አዲስ ዓመት፣ ካርተር መንግሥትንና ሻዕቢያን አትላንታ ላይ እያደራደሩ መሆኑን ምጽዋ ሆነው በራዲዮ ሰሙ። ሚስታቸው ዕቃ መሸከፉን ተወች። አምስት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 1፣ ከተማዋ በእሳት ተያዘች። በ1983 ከቀሩት መርከቦች በአንዷ ወደ የመን ተሻገሩ። በካርተር ላይ አልፈርድም፣ ቢያንስ ሞክሯል ብለው አለፉት።

ከዚያ ጥያቄዬን መለሱ። ከ5ኛው ወዲህ የመጀመሪያው መሆናቸው ነው። መርከብ ላይ ሌሊቱ በአራት በአራት ሰዓት ተራ ይከፈላል። የእሳቸው ተራ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚጀምረው ነበር። መርከቡ ከሄደ 33 ዓመት ሆኖታል፣ እሳቸው ግን ሜሪላንድ ሆነው እስካሁን በ10 ሰዓት ይነቃሉ። የሚጠበቅ ነገር የለም። ሚስታቸው ተኛ እያለች ትነጫነጫለች። አንድ ሌሊት ለብሰው ወጡ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፣ ደረጃው በረዶ ነበር፣ አካፋ አግኝተው ጠረጉት። በሳምንቱም ሄዱ። ኋላ ብርቱካናማ ሰደርያና ፊሽካ ተሰጣቸው፣ የፓርኪንግ አስተናባሪ ሆኑ። እምነትም አይበሉት፣ ዲሲፕሊንም አይበሉት፣ እንቅልፍ ማጣት ነው አሉ። ካርተርም ማልደው የሚነሱ ሰው ነበሩ፣ ማን ያውቃል።

25ኛው የፃፈው በቁጣ ነው። እርስዎ ነዎት ለካ አለ። አምና በጥምቀት መኪናዬን ያስነሱት፣ ዝናብ እየዘነበ ሁለት ብሎክ በእግሬ ያስሄዱኝ። 26ኛው የጋሼ፣ የመርከበኛው፣ መልስ ነው። መኪናዋ ብርማ ነች፣ የቆመችው የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃው ላይ ነው፣ ዝናብም አልነበረም፣ ካፊያ ነው። 27ኛው ላይ ሰውዬው ይቅርታ ጠየቀ። 28ኛው ያ ሰላምታ የማያውቀው አራሚ ነው። ስለ መርከቧ የፊት መድፍ አንድ ነገር ጠየቀ፣ ጋሼ መለሱለት፣ አመሰገነ። ሲያመሰግን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

29ኛው ላይ ጋሼ ሥራ አመጡ። ጥምቀት ደርሷል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢና የኋላው ደረጃ በረዶው ረግቷል፣ ቅዳሜ አካፋ ያለው ይምጣ አሉ። ሰዓቱን እንደ መርከብ ልማዳቸው በአራት አሃዝ ጻፉ፣ 06:00። 30ኛው 11ኛው ነው። ለካ እሱም እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ካርተርን አልማርኩም ብሎ ጀመረ። ሰዓቱ በሐበሻ ነው በፈረንጅ ብሎ ጨረሰ። የመለሰለት የለም። ጋሼ ተኝተዋል፣ ሌላው የገመተውን ገመተ። 31ኛው እመጣለሁ ያልኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ከልጄ ጋር ስንደርስ ጋሼ የኋላውን ደረጃ ጨርሰዋል። ባለ ብርማዋ መኪና መጥቷል። ጨው ስንበትን፣ ስንፈነቅል 3 ሰዓት ላይ ግቢው ጸዳ። አዳራሽ ገብተን ሻይ ጠጣን፣ ልጄ ጋሼን ስለ ቶርፒዶ ሲጠይቅ ረፈደ። ልክ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ሦስት መኪና ተከታትሎ ገባ። ከፊተኛው የወረደው ሰው አዲስ አካፋ ይዟል፣ የዋጋው ወረቀት አልተነሳለትም። የተጠረገውን ግቢ ዙሪያውን አየ። ጋሼ ፊሽካቸውን ነፉና፣ መኪናውን ከውሃ መቅጃው እንዲያርቅ በእጃቸው አሳዩት።